«ቦሄሚያን ራፕሶዲ»፦ «ፊልም እኮ ነው» ብለን እንለፈው?

የሲኒማ ሱሰኛ፦
እስቲ እንከራከር። የኩዊን ባንድ ድምፃዊ የፍሬዲ መርኩሪን ሕይወት የሚተርከውን «ቦሄሚያን ራፕሶዲ»ን (እ.ኤ.አ. 2018) ደግሜ አየሁት። ራሚ ማሌክ በትወናው ኦስካር ወስዷል፤ ይገባዋል። የእኔ ጠብ ከታሪኩ ጋር ነው። በፊልሙ ፍሬዲ ለብቻው አልበም ሊሠራ ብሎ ባንዱን ጥሎ ይሄዳል። ጓደኞቹ ያኮርፋሉ። በኋላ ይቅርታ ጠይቆ ለላይቭ ኤይድ፣ ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ለተካሄደው የእርዳታ ኮንሰርት፣ ይታረቃሉ። ልምምድ ላይ ደግሞ ኤች አይ ቪ እንዳለበት ይነግራቸዋል።

ባንዱ ግን አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ1984 አልበም አውጥተዋል፤ እስከ ግንቦት 1985 ድረስም አብረው መድረክ ላይ ነበሩ። ኮንሰርቱ የተካሄደው በሐምሌ ነው። ለብቻ መሥራትንም የጀመረው ፍሬዲ አይደለም፤ ድራመሩ ሮጀር ቴይለር በ1981 የራሱን አልበም አውጥቶ ነበር። ቫይረሱ እንዳለበት ያወቀውም በ1987 መሆኑን የፍቅር አጋሩ ጂም ሃተን ጽፏል።

ጊታሪስቱ፦
አንተ ደግሞ! ዶክመንተሪ ከፈለግህ ዶክመንተሪ እይ። 15 ዓመት ሙሉ በሁለት ሰዓት ከሩብ ተጠቅልሎ እንዴት ቀን በቀን ይተረካል? ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ሰው ስለወደደው ነው። ደግሞ የዌምብሌዩን መድረክ አየኸው? ነጩ ካናቴራ፣ ግማሽ ዘንጉ የሌለው ማይክ፣ ፒያኖው ላይ የተደረደሩት የፔፕሲ ኩባያዎች ሳይቀሩ ቁጭ!

የሲኒማ ሱሰኛ፦
እኔን የሚያበግነኝም እሱ ነው። ለኩባያው እንዲህ የተጨነቀ ሰው፣ አንድ ሰው መታመሙን ላወቀበት ቀን አይጨነቅም? ቀኑን ማዛወር ተራ ነገር አይደለም። ዌምብሌይ ላይ የነበረው ፍሬዲ ጉልበቱ የሞላ፣ ሕዝቡን በ«ኤ…ኦ» የሚያጫውት ሰው ነው። ፊልሙ ስንብት አደረገው። አልቅሱልኝ አይነት።

አፍራሹ፦
እኔ ኤዲቲንጉም ኦስካር ማግኘቱ እስካሁን አልገባኝም። ባንዱ ከማናጀሩ ጋር መጠጥ ቤት ደጅ የሚያወሩበት ቦታ ላይ ካሜራው በየሰከንዱ ይዘላል። ዳይሬክተሩ መሃል ላይ ተባሮ ፊልሙን ሌላ ሰው መጨረሱንም አትርሱ። በሉ ቀጥሉ።

የኮረሟ፦
የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ላይቭ ኤይድ ለማን ነበር የተዘጋጀው? ለ77ቱ ረሃብ፣ ለእኛ ሰው። ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ነው የኮንሰርቱን አዘጋጅ፣ ሙዚቀኛውን ቦብ ጌልዶፍን ያስነሳው። በፊልሙ ግን ኩዊን መዝፈን ሲጀምር ስልኮቹ ይጮሃሉ፣ ብሩ ይጎርፋል። የዚያን ቀን የሰውን አንጀት የበላው የረሃቡ ቪዲዮ ነበር። ድምፃዊው ዴቪድ ቦዊ ቪዲዮው እንዲታይ ብሎ አንድ ዘፈኑን ሰውቶለታል። ቪዲዮው የት ገባ?

ጊታሪስቱ፦
እህቴ፣ ፊልሙ ስለ ፍሬዲ ነው እንጂ ስለ ረሃቡ አይደለም እኮ።

የኮረሟ፦
ታዲያ ስልኮቹን ምን ሊያደርጉ አስገቧቸው? ስለ ዘፈኑ ብቻ ከሆነ ዘፈኑን ያሳዩን። ልጁን ጀግና ለማድረግ ረሃባችንን ከፈለጉት፣ የረሃቡንም ፊት ትንሽ ያሳዩና።

ጊታሪስቱ፦
እሺ፣ እዚህ ላይ አልሟገትሽም። ግን ዛንዚባር ተወልዶ የዓለምን መድረክ የያዘን ሰው ለአዲሱ ትውልድ አስተዋውቋል። የእህቴ ልጆች ኩዊንን ያወቁት በዚህ ፊልም ነው።

የሲኒማ ሱሰኛ፦
አወቁት ወይስ ተሳስተው አወቁት? ልብ በል፣ የፊልሙን ሙዚቃ በበላይነት የመሩት የኩዊን ጊታሪስት ብራያን ሜይና ድራመሩ ሮጀር ቴይለር ናቸው። ፊልሙ ላይ ጥፋተኛው ማነው? የሞተው። ይቅር ባዮቹ እነማን ናቸው? በሕይወት ያሉት። ይሄ አይከነክንህም?

ጊታሪስቱ፦
ይከነክናል። ቢሆንም ሰው ፊልምና ታሪክን ይለያል።

የሲኒማ ሱሰኛ፦
እንዴት አድርጎ ይለይ? ፊልሙ ሲያልቅ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ይመጣል፤ በ1991 በ45 ዓመቱ መሞቱ ተጽፏል። እሱ ልክ ነው። መጨረሻውን በእውነተኛ ዓመት ዘግተህለት፣ ከዚያ በፊት ያለውን «ፈጠራ ነው» ብሎ እንዲጠረጥር ትጠብቃለህ?