በባሕር ጠረፍ የተዘጋጀ ጥይት ለባሌ ተራሮች ይሆናል?

ጠያቂ፦ የሱሉልታው

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ሲሆን፣ የውጭ አገር አዳኞችን በሚያስተናግድ ድርጅት ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። በኅዳር ደጋ አጋዘን ለማደን የሚመጣ አንድ ደንበኛችን የ300 ዊንቸስተር ማግነም ጠመንጃውን ጥይት የሚያዘጋጀው ራሱ ነው፤ ባሩዱን እየመዘነ፣ አረሩ በቀለሁ ውስጥ የሚገባበትን ጥልቀት እየለዋወጠ በባሕር ጠረፍ አገሩ ሲሞክር ከርሟል። አሁን የሚጠይቀን ባሌ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚተኩስ ባሩዱን መጨመር ወይም መቀነስ ይኖርበት እንደሆነ ነው። ወደ ባሌ ከመውጣታችን በፊት እዚሁ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በተፈቀደ ቦታ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ መነጽር ያስተካክላል።

መልስ፦ ቀለህ ሰብሳቢ

ባሩዱን እንዳይነካ ይንገሩት። ባሩዱ የሚቃጠለው በተዘጋ ቀለህ ውስጥ ስለሆነ የውጭው አየር መሳሳት አረሩ ከአፈሙዝ በሚወጣበት ፍጥነት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አያመጣም። የሚለወጠው ከአፈሙዝ በኋላ ያለው ጉዞ ነው፤ በባሕር ወለል አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ገደማ ሲመዝን በ3,000 ሜትር ግን ወደ 0.91 ስለሚወርድ፣ አረሩን የሚገታው አየር በሩብ ያህል ይቀንሳል፣ አረሩም ከለመደው ከፍ ብሎ ይመታል። እስከ 300 ሜትር ልዩነቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው፤ እየራቀ ሲሄድ ግን ችላ የሚባል አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስሌቱ ላይ ነው። የስልክ የአየር ትንበያ ስለ ሱሉልታ 1,020 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ቢል፣ ይህ ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ ግፊት እንጂ በቦታው ያለው አይደለም፤ በ2,600 ሜትር ገደማ ያለው እውነተኛ ግፊት ወደ 740 ይጠጋል። ደንበኛዎ አረሩ በጉዞው ምን ያህል እንደሚወርድ በሚያሰላለት መሣሪያ ውስጥ 1,020 ካስገባና መሣሪያው እንደ ቦታው ግፊት ከወሰደው፣ ሱሉልታ ቆሞ በባሕር ዳርቻ እንደሚተኩስ ሰው ይሰላለታል። ስለዚህ ግፊቱን በቦታው በሚለካ መሣሪያ ይውሰድ።

መልስ፦ ነፋስ ጠባቂ

በቀዳሚው መልስ እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ ሙቀት ነው። አንዳንድ ባሩድ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ በሞቃት ቀን ከፍተኛው መጠን ድረስ ተሞልቶ መኪና ውስጥ ፀሐይ የመታው ጥይት መዝጊያውን አልከፈት ሊያሰኝ፣ የፕራይመሩንም (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የቀለሁ ቂጥ ላይ ያለ ክፍል) ጠርዝ ሊደፈጥጥ ይችላል። ይህ ምልክት ከታየ መተኮስ ማቆም ነው። የባሌ ጠዋት ደግሞ ውርጭ ስላለው፣ ያው ጥይት ቀዝቅዞ ፍጥነቱ ዝቅ ይላል።

በግሌ ግን አዳኞች ስለ ባሩድ ሚዛን የሚጨነቁትን ያህል ስለ ነፋስ ቢጨነቁ እመርጣለሁ። በዚህ ጠመንጃ በ500 ሜትር ርቀት የአረሩ ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜትር ቢለያይ ቁመቱን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያዛባው፤ በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ ግን በዚያ ስስ አየር ውስጥ እንኳ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፋዋል። ቁልቁለትም አለ፤ በ30 ዲግሪ ዝቅታ 400 ሜትር ላይ ያለ አጋዘን በአግድም ርቀቱ፣ እንደ 346 ሜትር ነው የሚታሰበው።

ጠያቂ፦ የሱሉልታው

እጅግ አመሰግናለሁ። ጥይቱ ቢያልቅበት ወይም ባይስማማው እዚህ ማዘጋጀት ይችል ይሆን?

መልስ፦ ቀለህ ሰብሳቢ

አይሞክረው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የሚደረግን ነገር በዋዛ አያይም፤ ይዞ የሚገባው ጥይትም በፈቃዱ ላይ በተጻፈው ልክ መሆን አለበት። ስለዚህ ለኢላማ የሚበቃውንም አስቦ ያስመዝግብ። ሱሉልታ ላይም ሲሞክር በማለዳ፣ አፈሙዙ ሳይሞቅ የሚተኩሳትን የመጀመሪያዋን ጥይት ከሌሎቹ ለይቶ ይመዝግብ፤ አጋዘኑ ላይ የምትተኮሰው እንደዚያችው ያለች ናትና።