አንድ ጋጣ ለአንድ ውድድር 11 ፈረስ ማሰለፉ ልክ ነው?

ሽምጥ፦
ቼልትናም እየደረሰ ስለሆነ ይቺን ጥያቄ አንስተን እንከራከርባት። ለማያውቅ ባጭሩ፣ ቼልትናም በየዓመቱ በመጋቢት እንግሊዝ ውስጥ የሚካሄድ የመሰናክል ዝላይ እሽቅድምድም ነው፣ 4 ቀን፣ 28 ውድድር፣ በዚህ ስፖርት ከዚህ የሚበልጥ ሳምንት የለም። እና በየዓመቱ ወሬው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ ሰው ላይ ነው፣ ዊሊ ማሊንስ፣ ጋጣው አየርላንድ ካርሎው ውስጥ ክሎሰተን የሚባል ቦታ ያለው አሰልጣኝ። በ2022 ከ28ቱ 10ሩን ወሰደ፣ በ2025 ደግሞ እንደገና 10 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ይሄ በራሱ ችሎታ ነው፣ አልቃወምም። እኔን ያንገበገበኝ የ2025ቱ ትራያምፍ ኸርድል ነው፣ የ4 ዓመት ፈረሶች ውድድር ማለት ነው፣ እዛ ላይ ሰውየው ብቻውን 11 ፈረስ አሰለፈ። አስራ አንድ! ከተሰለፉት ከግማሽ በላይ የአንድ ሰው ፈረስ ከሆነ ይሄ ውድድር ነው ወይስ የራሱ ልምምድ? ብቻውን የሮጠን ማን ይቀድመዋል። እኔ የምለው ግልጽ ነው፣ ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ አንድ አሰልጣኝ ከ4 ፈረስ በላይ እንዳያሰልፍ ሕግ ይውጣ።

ሶምሶማ፦
ወንድሜ አልስማማም፣ በጭራሽ። ሜዳውም ፈረሱም ይኸው ማለት'ኮ እንዲህ ላለው ቀን ነው፣ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ፈረስ ያለው ያሰልፍ። ማሊንስ ከሰማይ አልወረደም። ቼልትናም ላይ የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በ1995 ነው፣ መቶኛውን ያገኘው በ2024 ነው፣ መሀል ላይ 29 ዓመት አለ። የቼልትናምን ትልቁን ውድድር፣ ጎልድ ካፕን፣ ለማሸነፍ ስንቴ ሁለተኛ እየወጣ ተመልሷል፣ ያገኘው ገና በ2019 በአል ቡም ፎቶ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለፍቶ የገነባውን ጋጣ አሁን ስለበዛብን እንቁረጥለት ማለት ምን አይነት ፍርድ ነው?

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በ1983 ጎልድ ካፕ ላይ ማይክል ዲኪንሰን የሚባል አሰልጣኝ ከ1ኛ እስከ 5ኛ ያሉትን ሁሉ የራሱ ፈረሶች አደረጋቸው፣ አምስቱንም! ሰው እስካሁን እንደ ተአምር ነው የሚያወራው እንጂ ስፖርቱ ሞተ ያለ የለም። በ2008 ደግሞ ፖል ኒኮልስ በዴንማን፣ በካውቶ ስታርና በኔፕቱን ኮሎንዥ 1ኛ 2ኛ 3ኛ ወጣ፣ ያ ውድድር እስከዛሬ ከሚወደዱት አንዱ ነው። ያኔ ያጨበጨብንለትን ዛሬ አየርላንዳዊ ሲያደርገው ሕግ ይውጣ?

ሽምጥ፦
አየርላንዳዊነቱን አላነሳሁም እኮ፣ አታምጣብኝ። ዲኪንሰን ያደረገው አንድ ቀን አንድ ውድድር ላይ ነው። ማሊንስ ግን ቼልትናምን ይወስዳል፣ ከዛ በ2025 ኤይንትሪ የሚባለው የእንግሊዝ ሜዳ ሄዶ ግራንድ ናሽናልን 1ኛ 2ኛ 3ኛ ይወስዳል፣ 34 ፈረስ የሚሰለፍበት ውድድር እኮ ነው፣ ከዛ የራሱ አገር እንኳ ያልሆነውን የእንግሊዝን የዓመቱን የአሰልጣኞች ሻምፒዮንነት በ2024ም በ2025ም ይወስዳል። ከ2024 በፊት አየርላንድ ተቀምጦ ይሄን የወሰደው ቪንሰንት ኦብራየን ነበር፣ በ1954። 70 ዓመት ማንም ያላደረገውን ነገር በተከታታይ ሁለቴ ማድረግ ማለት ሚዛኑ ተዛብቷል ማለት ነው፣ ጉብዝና ብቻ አይደለም።

ባዝራ፦
ሁለታችሁም የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው የምትጣሉት ብል ቅር አይበላችሁ። የፈረስ ቁጥር አይደለም ችግሩ፣ የውድድሩ ብዛት ነው። እስከ 2004 ቼልትናም 3 ቀን ነበር፣ በ2005 ነው 4 ቀን የሆነው። ቀን ሲጨመር ውድድር ተጨመረ፣ ውድድር ሲጨመር ጥሩ ፈረሶች መሸሻ አገኙ። ብዙ ፈረስ ያለው ጋጣ ደግሞ መሸሻ ሲያገኝ ይጠቀምበታል፣ ይሄ ጥፋቱ አይደለም፣ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ።

ምሳሌ ልስጣችሁ፣ የማሊንስ ሎሲማውዝ። ባዝራ ናት፣ እጅግ ጎበዝ ባዝራ። ቻምፒዮን ኸርድል በሚባለው ትልቅ የመሰናክል ውድድር ላይ ከወንዶቹ ጋር ብትሰለፍ በባዝራነቷ 7 ፓውንድ፣ ማለትም 3 ኪሎ ገደማ ክብደት ይቀነስላታል፣ ስለዚህ ሜዳው አይከብዳትም። ግን በ2025 የባዝራዎች ብቻ በሆነው ሜርስ ኸርድል ላይ ተሰለፈች፣ በ2024ም ያሸነፈችው እሱኑ ነው፣ በ2025ም ደገመችው። ቻምፒዮን ኸርድል ላይ ለጋጣው ስቴት ማን የሚባል ፈረስ ስላለው እሷን እዛ ማጋጨት አላስፈለገም። ለባለቤቱ ጥሩ ነው፣ ለጋጣው ጥሩ ነው፣ እኛ ግን ማየት የፈለግነውን ግጥሚያ ተነጠቅን። 4 ፈረስ ብቻ የሚለው ሕግ ይሄን አያስተካክለውም፣ እዛ አንድ እዚህ አንድ ነው ያሰለፈው።

ሶምሶማ፦
ባዝራ ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ግን እዛው ቻምፒዮን ኸርድል ላይ የሆነውን አትርሺ። ሁሉም ያሸንፋል ያለው የእንግሊዛዊው አሰልጣኝ የኒኪ ሄንደርሰን ፈረስ ኮንስቲትዩሽን ሂል ወደቀ፣ ስቴት ማን እየመራ መጥቶ የመጨረሻዋ መሰናክል ላይ ወደቀ፣ ያሸነፈችው ጎልደን ኤስ ናት፣ የውርርድ ዋጋዋ 25 ለ1፣ ማለትም ብዙ ሰው ያልጠበቃት፣ እንግሊዝ ሶመርሴት ውስጥ ያለ የጄረሚ ስኮት ትንሽ ጋጣ ፈረስ። እሷም ባዝራ ናት! ትንሽ ጋጣ ዕድል የለውም ለሚለው መልሱ ይሄ ነው፣ ያልተሰለፈ አያሸንፍም፣ እነሱ አልሸሹም ተሰለፉ።

ሽምጥ፦
ሁለት ግዙፍ ፈረስ ካልወደቀ በቀር የማያሸንፍ ትንሽ ጋጣ ይዘህ ነው ሚዛኑ ልክ ነው የምትለኝ? ለጎልደን ኤስ ከልቤ ነው ደስ ያለኝ፣ እየጮህኩ ነው ያየሁት፣ ግን ያን ለስፖርቱ ጤንነት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይሆንም።

ልጓም፦
ልጆች እኔ ፈረስ እየጠረግን እያበላን ስላደግን ከጋጣው ወገን ልናገር። የትልቅ ጋጣ ጉልበት እናንተ እንደምትሉት ምርጥ ፈረስ መያዙ ላይ አይደለም፣ ተተኪ መያዙ ላይ ነው። ትንሽ ጋጣ አንድ ጥሩ ፈረስ ይኖረዋል፣ ጠዋት ሲገቡ እግሩ ሞቅ ብሎ ከተገኘ፣ ጅማቱን ተጎድቶ ከሆነ፣ ዓመቱ በቃ አለቀ፣ ጅማት በአንድ ወር የሚድን ነገር አይደለም። ትልቁ ጋጣ ግን አንዱ ቢያነክስ ሌላውን ያወጣል። ሁለተኛ ደግሞ ልምምዱ ራሱ ውድድር ነው፣ ወጣቱ ፈረስ በየማለዳው ከሻምፒዮን ጎን ሽምጥ ሲጋልብ ሳያውቀው ይጠነክራል፣ አሰልጣኙም ማን ከማን እንደሚሻል ሜዳ ሳይወጣ ያውቃል። ትንሹ ጋጣ ይሄን ለማወቅ ፈረሱን ጭኖ ሄዶ መወዳደር አለበት።

ግን ትልቅነት አደጋም አለው። ሳል ወይ የሳንባ በሽታ አንድ ጋጣ ከገባ አንድ ፈረስ ላይ አይቆምም፣ ፈረሶቹ በሙሉ ሳይታመሙ እንኳ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ ከቼልትናም በፊት ያለውን ወር የምታዩ ከሆነ ማን ስንት ፈረስ አስመዘገበ ሳይሆን ፈረሶቹ ሲጨርሱ እንዴት ነው የጨረሱት የሚለውን እዩ። የመጨረሻዋ አቀበት ላይ እየሳቡ ነው ወይስ እየሞቱ ነው? ቼልትናም ላይ አቀበቷ ናት የምትፈርደው።

ሶምሶማ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው፣ በ2017 የማሊንስ ጋጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት አንድም ሳያሸንፍ ነው ያለፈው፣ ሁሉም አበቃለት ሲል ሐሙስ ዕለት ጋላቢው ሩቢ ዎልሽ ብቻውን በ4 ፈረስ አሸነፈለት። ከዛ በኋላ ነው ሁለት ቀን አይቶ ጋጣ ላይ መፍረድ እንደማይቻል የገባኝ።

እና 2017ን ካነሳን አይቀር፣ ሽምጥ አንተ የምትለው ገደብ እኮ በተግባር ተሞክሯል ማለት ይቻላል። በ2016 ጊጊንስታውን፣ የራያንኤር አየር መንገዱ ማይክል ኦሊሪ የፈረስ ባለቤትነት ድርጅት ማለቴ ነው፣ በስልጠና ክፍያ ጭማሪ አልተስማሙምና 60 ገደማ ፈረስ ከማሊንስ አውጥቶ ወሰደ። 60! የትኛውም ሕግ ከዚህ በላይ አይቆርጥም። እነዚያ ፈረሶች ወደ ትንንሽ ጋጣ ሄዱ? ብዙዎቹ ሌላው ትልቅ የአየርላንድ አሰልጣኝ ጎርደን ኤልዮት ጋ ነው የገቡት፣ በ2018 ቼልትናም ኤልዮት 8 አሸነፈ ማሊንስ 7። ከ28ቱ 15ቱ ሁለት ሰው ጋ ገባ። ሀብታም ባለቤት ፈረሱን ከአንደኛው ሲያወጣ ሁለተኛው ጋ ነው የሚያስገባው፣ ሶመርሴት አይወስደውም።

ሽምጥ፦
ይሄኮ የኔን ሀሳብ ነው የሚደግፈው። 8 ለ7 ሆነ አልክ፣ ያ ማለት ተፎካካሪ ተፈጠረ ማለት ነው፣ እስከ መጨረሻው ቀን ማን እንደሚበልጥ አይታወቅም ነበር። ሁለት ግዙፍ ከአንድ ግዙፍ ይሻላል፣ ሦስት ደግሞ ከሁለት ይሻላል። በ2021 ሄንሪ ደ ብሮምሄድ የሚባል አሰልጣኝ መጥቶ ቻምፒዮን ኸርድልን፣ ቻምፒዮን ቼዝንና ጎልድ ካፕን በአንድ ሳምንት ሲወስድ፣ ከዛ ጋላቢዋ ሬቸል ብላክሞር በሱ ፈረስ በሚኔላ ታይምስ ግራንድ ናሽናልን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ስትሆን፣ ስፖርቱ ከዛ በላይ ያማረበት ዓመት አላየሁም። ለዛ ነው የምጮኸው። ሆንግ ኮንግም አንድ አሰልጣኝ የሚይዘው ፈረስ ገደብ አለው፣ ያን አድርገው ማንም አልሞተባቸውም።

ባዝራ፦
ሆንግ ኮንግ ፈረሱም ማሰልጠኛውም ሜዳውም በአንድ ክለብ ስር ነው፣ እንግሊዝና አየርላንድ ግን ሁለት አገር ሁለት አስተዳደር ናቸው፣ ባለቤቱም የራሱን ገንዘብ አውጥቶ ፈረንሳይ ሄዶ ነው የሚገዛው። ሎሲማውዝ የፈረንሳይ ውልድ ናት፣ ሌላው የማሊንስ ፈረስ ጋሎፓን ዴ ሾምም የፈረንሳይ ነው። ሰው በራሱ ገንዘብ የገዛውን ፈረስ ማን ጋ እንደሚያሰለጥን መንገር ከባድ ነው። መሸሻውን መዝጋት ግን ቀላል ነው፣ ጀምረውታልም፣ ለጀማሪ ዘላዮች ከነበሩት ውድድሮች አንዱን ከ2025 ጀምሮ ወደ ሃንዲካፕ ቀይረውታል፣ ጎበዙ ብዙ ክብደት የሚሸከምበት ማለት ነው፣ ስለዚህ ምርጦቹ የሚገናኙባቸው ውድድሮች ቁጥር አነሰ፣ የግድ ይጋጠማሉ። እንዲህ ያለውን ነው መቀጠል ያለባቸው። ሜርስ ኸርድልንም እንደዛው ያድርጉት ብዬ እስከመጨረሻ እከራከራለሁ።

ሽምጥ፦
በመሸሻው አሳምነሽኛል እህቴ፣ ይዘጋ። በ11ዱ ግን አልለቅም።

ሶምሶማ፦
እንግዲያው ስለ 11ዱ አንዲት ነገር ልበልህ። ያን ትራያምፍ ኸርድል ያሸነፈው ፖኒሮስ ነው፣ 100 ለ1፣ ከዛ ቀን በፊት አንድም ጊዜ በመሰናክል ተወዳድሮ የማያውቅ፣ ከባለቤቶቹ አንዱ የብራይተን እግር ኳስ ክለቡ ቶኒ ብሉም የሆነ። ያንተ ሕግ ቢኖር ማሊንስ 4 ምርጦቹን ነበር የሚያሰልፈው፣ ፖኒሮስ ከ4ቱ ውስጥ አይገባም ነበር፣ የዋጋውን ከፍታ አይተኸዋል። የሳምንቱን ትልቁን አስገራሚ ነገር ሕጉ ጋጣ ውስጥ አስሮ ያስቀረው ነበር።

ሽምጥ፦
አዎ ያስቀረው ነበር። እና አንገት ለአንገት ተናንቆ በጥቂት ሁለተኛ የወጣው የሌላ ጋጣ ፈረስ፣ የኒኪ ሄንደርሰን ሉላምባ፣ ያን ቀን አሸናፊ ይሆን ነበር። ውድድር የምለው ያን ነው።