ከአንጎል ደም ስር ምርመራ በኋላ ስለሚመጣ ራስ ምታት፦ የጋራ የጥናት ፕሮፖዛላችን ረቂቅ

አስተባባሪ (ሐረር)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአንጂዮግራፊ (ለአንጎል ደም ስር ምርመራ) አዲስ አበባ ደርሰው የሚመለሱ ታካሚዎቻችን ስለ ራስ ምታት ያነሳሉ። ማንን ይበልጥ ያመዋል? ረቂቁ ውስጥ ያስገባሁት ጾታ፣ ዕድሜ፣ የቆየ ማይግሬን፣ የኮንትራስቱ (ደም ስሩ በምስል እንዲታይ የሚወጋው ፈሳሽ) መጠንና ምርመራው የፈጀው ጊዜ ነው። የጎደለ ካለ ጨምሩ።

ነርስ (ድሬዳዋ)፦ ቡናና ጫትስ? እዚህ አገር እየኖርን ይረሳል እንዴ! ታካሚው ከምርመራው በፊት ምግብ ይከለከላል፣ የጠዋት ቡናውም አብሮ ይቀራል። ከዚያ እግሩን ሳያጥፍ ተጋድሞ ይውላል። ማታ ራሱን ሲወቅረው ሁሉም ነገር በኮንትራስቱ ይላከካል። ቡና የለመደ ሰው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊያመው ይችላል። ሐራራውም አለ።

አስተባባሪ፦ ልክ ነሽ ሲስተር። ግን "ቡና ይጠጣሉ?" ብንል ሁሉም "አዎ" ነው መልሱ።

ነርስ፦ "በቀን ስንት ስኒ? የመጨረሻውን መቼ ጠጡ?" ተብሎ ይጠየቃ። ጫቱም እንደዚያው። ሐረር ላይ ከቡና ተክል የሚፈሉት ቁጢና ሆጃም ይግቡ፤ ሰው ቡና ብሎ አይቆጥራቸውም። ደግሞ ቤተሰብ ፊት አትጠይቁ። ወጣት ልጅ አባቱ ፊት ስለ ጫት ትንፍሽ አይልም።

ሐኪም (ሐረር)፦ በዚህ እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ዓለም አቀፍ የራስ ምታት ምደባ መሠረት፣ ራስ ምታቱ የአንጂዮግራፊ ነው ለመባል ከሚታዩት መለኪያዎች መካከል በምርመራው ወቅት ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ መጀመሩና በ72 ሰዓት ውስጥ መልቀቁ ይገኙበታል። ስለዚህ በማግስቱና በሦስተኛው ቀን እንደውል። በማግስቱ ግን ሰውየው አውቶቡስ ላይ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ሽንት እንዳያስቸግረው ውሃ አይጠጣም፤ ከአዋሽ በታች ያለውን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። የተሳፈረበት ሰዓት ይመዝገብ።

አንድ ትልቅ ነገር አለ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የተላኩት ራሳቸውን ስላመማቸው ነው! ከመሄዳቸው በፊት የነበረው ሕመም ካልተመዘገበ ውጤታችን ዋጋ የለውም። "ማይግሬን አለብዎት?" የሚለውም ይቅር። "በአንድ ጎን ይመታዎታል? ብርሃን ይረብሽዎታል? ያቅለሸልሽዎታል?" ይሻላል።

ፋርማሲስት (ድሬዳዋ)፦ የወሰዱትንም ማስታገሻ ጠይቁ። ሰዉ ቀጥ ብሎ መጥቶ "ዲክሎፌናክ ስጠኝ" ነው የሚለው። ኮንትራስት ለወሰደ ሰው፣ በተለይ ኩላሊቱ ደካማ ከሆነ፣ ጥሩ አይደለም። ደም ማቅጠኛ ለሚወስዱም እንደዚያው።

ሐኪም፦ ደዋዩም ቅጽ ሞልቶ ስልኩን እንዳይዘጋ። ድንገት የፈነዳ ከባድ ራስ ምታት፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ የምላስ መተሳሰር ከሰማ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይላካቸው። 72 ሰዓቱን መጠበቅ የለም።

ነርስ፦ ቅጹ በኦሮምኛና በሶማሊኛም ይዘጋጅ። ሶማሊኛውን እኔ አስተረጉማለሁ።

አስተባባሪ፦ ተቀብያለሁ። የኮንትራስቱ መጠንና ምርመራው የፈጀው ጊዜ ግን እኛ ጋ በሚደርሰው ወረቀት ላይ የለም። ምርመራውን የሚሠሩት ሐኪሞች አብረውን ካልገቡ ሁለቱን ጥያቄዎች እናወጣለን። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እልካለሁ፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋ የምንገባው መልሳቸውን ካገኘን በኋላ ነው።