እናቴ የአዊኛ ዜና ከጠፋባት ሦስት ሳምንት ሆነ፤ ዲሽ የምታውቁ እርዱኝ

ጥያቄ፦ የዳንግላ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከዳንግላ ወጣ ብሎ ገጠር ነው ያሉት። መብራት አልገባም፤ ቴሌቪዥኑ የሚሠራው በሶላር ነው። እናቴ ከሁሉም የምትወደው የባሕር ዳሩን የአማራ ቴሌቪዥን ነው፤ አሁን አሚኮ የምንለውን። በአዊኛ ስለሚያስተላልፍ ነው። አማርኛ አይጠፋትም። ግን ስለ ማዳበሪያም ሆነ ስለ ሕፃናት ክትባት በአዊኛ ስትሰማ ነው ልቧ የሚያርፈው።

ከሦስት ሳምንት በፊት ንፋስ ዲሹን ጣለው። ታናሽ ወንድሜ ከከተማ አንድ ሠራተኛ ወስዶ አስተከለ። ሰውዬው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። አሁን ብዙ ቻናል ይመጣል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም አረብኛ ነው። አማራ ቴሌቪዥን የለም። ሌሎቹ የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም የሉም። ወንድሜ "በስተምሥራቅ ያለው ባሕር ዛፍ ጋርዶት ነው፤ እንቁረጠው" ይላል። አባቴ ደግሞ ያን ዛፍ ለቤት ሥራ ነው ያቆየው። ምን ይሻላል?

ዲሽ ሠሪ ከባሕር ዳር፦

እህቴ፣ ዛፉን እንዳትነኩት! መጀመሪያ ወንድምሽን ጠይቂልኝ። ዲሹ አሁን ወዴት ነው የዞረው?

የዳንግላ ልጅ፦

ደወልኩለት። ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ነው አለኝ።

ዲሽ ሠሪ ከባሕር ዳር፦

በቃ፣ ችግሩ ተገኘ። ሰውዬው የተከለላችሁ ናይልሳት በሚባለው ሳተላይት ላይ ነው። ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ድሮ የኛ ጣቢያዎች እዚያ ነበሩ፤ ብዙ ሠራተኛም እጁ የለመደው ያንን ነው። በ2012 ዓ.ም. ግን የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚተላለፉበት ኢትዮሳት መጣ። ኢትዮሳት ኤንኤስኤስ 12 የሚባለው ሳተላይት ላይ ነው፤ ቦታው 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ዲሻችሁ ጀርባውን ሰጥቶታል ማለት ነው።

ከዳንግላ ሲታይ ኢትዮሳት በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። በስልክ ኮምፓስ 118 ዲግሪ ገደማ ይዛችሁ አዙሩት። ከፍታው ደግሞ ወደ 63 ዲግሪ ነው፤ ናይልሳት 38 አካባቢ ነበር። ስለዚህ ዲሹ ከበፊቱ በደንብ ቀና ማለት አለበት። ዛፉን አትንኩ ያልኩትም ለዚህ ነው። ሳተላይቱ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ዛፉ 16 ሜትር ቢረዝም እንኳ ከዲሹ 10 ሜትር ከራቀ አይጋርድም። ቀረብ ካለ ዲሹን ማንቀሳቀስ ይቀላል።

ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 ብላችሁ ሙሉ። ሌላው 11165 ሆሪዞንታል 45000 ነው። ኤልኤንቢው (ከዲሹ ፊት ለፊት ያለችው ትንሿ መቀበያ) ተራው ዓይነት ከሆነ 9750/10600 የሚለውን ምረጡ። ሲግናል የሚለውን እርሱት፤ እሱ ምንም ሳይያዝም ከፍ ይላል። የምታዩት ኳሊቲን ነው። ዲሹን በጣም በቀስታ አንቀሳቅሱት፤ አንድ ጣት ያህል እንኳ ካለፋችሁ ይስታል። ትንሽ ኳሊቲ ሲመጣ ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ ኤልኤንቢውን በመያዣው ውስጥ አዟዙሩት። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከኛ አገር ኢትዮሳት ሲያዝ ኤልኤንቢው በደንብ ዘመም ማለት አለበት። ቀጥ ብሎ ከቆመ ኳሊቲው አይወጣም። ኳሊቲው ከፍ ሲል ሪሲቨሩን ሁሉንም ፈልግ በሉት።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ሪሲቨሩ ኤችዲ መሆን አለበት። አሮጌው ዓይነት ከሆነ ዲሹ በትክክል ቢዞርም አያወጣም።

መምህር ከእንጅባራ፦

ኮምፓስ ያለው ስልክ ከሌለ አትቸገሩ። አባትሽን ጠይቂያቸው። በታኅሣሥ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትወጣ ገበሬ ያውቃል። ያንን ቦታ ይዘው ትንሽ ብቻ ወደ ቀኝ ዞር ማለት ነው። እኛ ሰፈር ሁለት ቤት በዚህ አስተካክለናል። ለእናትሽም ስል ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። ያ ጣቢያ ከአማርኛ ሌላ በአዊኛ፣ በኽምጣና እና በአፋን ኦሮሞ መሥራቱ ለእንደኛ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ተማሪዎቼ ቋንቋቸውን ከቴሌቪዥን ሲሰሙ ፊታቸው ሲበራ አይቻለሁ።

የዳንግላ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዛሬ ጠዋት ወንድሜና አባቴ ሁለት ሰዓት ለፍተው አገኙት። አባቴ የፀሐይዋን መውጫ በአንድ ጊዜ ነው ያሳየው። ኤልኤንቢውን ሲያዞሩት ኳሊቲው ከ20 ወደ 70 ወጣ። አማራ ቴሌቪዥን መጣ!

ግን ማታ ደወሉ። ሲመሽ ጠፋ አሉ። ዲሹን ማንም አልነካውም።

ሶላር ሻጭ ከደብረ ማርቆስ፦

እሱ ባትሪው ነው። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢ ሁለት ዓይነት ቮልት ይልካል፤ ለቨርቲካል 13፣ ለሆሪዞንታል 18። የተሰጣችሁ ፍሪኩዌንሲ ሆሪዞንታል ነው። ባትሪው ሲደክም መጀመሪያ የሚጠፋው 18ቱ ነው። ቴሌቪዥኑ ይበራል፣ ቻናሉ ግን የለም። ሰው ዲሹ የተበላሸ ይመስለውና ውጭ ወጥቶ ያዞረዋል። አደራ፣ ማታ ዲሹን እንዳይነኩት።

በኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል እንደ ቤት መብራት በሚያደርገው ዕቃ) ነው የሚጠቀሙት? ከሆነ በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ሪሲቨር ግዙላቸው። ኢንቨርተሩ ራሱ ባትሪ ይበላል። የሶላሩንም መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። የባትሪውን ውኃ ማየትም አይርሱ፤ የሚሞላ ዓይነት ከሆነ የተጣራ ውኃ ብቻ ነው የሚጨመረው።

የዳንግላ ልጅ፦

አዎ፣ በኢንቨርተር ነው። መስታወቱም አቧራ በአቧራ ነበር። ጠርገውት ትናንት ማታ እስከ ሦስት ሰዓት አየች። ሪሲቨሩን በዚህ ወር ደሞዝ እልካለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ እናቴ ማንበብ አትችልም፤ ጣቢያው ደግሞ 47ኛ ላይ ነው ያረፈው። እንዴት ይቅለልላት?

ዲሽ ሠሪ ከባሕር ዳር፦

ወንድምሽ ሜኑ ውስጥ ቻናል ማስተካከያው ላይ ይግባ። ጣቢያውን መርጦ ወደ 1 ቁጥር ያዛውረው፤ ሲወጣ ሴቭ ማድረጉን አይርሳ። ከዚያ ሪሞቱ ላይ ያለችውን የ1 ቁጥር ቁልፍ በቀይ ቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ያድርግላቸው። እናትሽ እሷን ብቻ ይጫኑ።