በገና ሰሞን ወሎ ላይ ቤት ስለ መግዛት

ከሙኒክ

የተከበራችሁ የወሎ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ስሆን ላለፉት 14 ዓመታት የምኖረው ጀርመን ነው፤ ፓስፖርቴም የጀርመን ነው። ዘንድሮ መሥሪያ ቤቴ ለፈረንጆቹ ገና ከሚዘጋበት ቀን አንሥቶ፣ ዓመታዊ ፈቃዴን ጨምሬበት፣ እስከ ጥምቀት ማግስት ድረስ አገር ቤት ለመቆየት አስቤያለሁ። በዚሁ አጋጣሚም ለእናቴ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ አንድ ቤት ገዝቼላት ለመመለስ እፈልጋለሁ። ደላላው ከወዲሁ ፎቶግራፎች ልኮልኛል፤ «ዲያስፖራው ሳይገባ ቀብድ ብታስይዢ ይሻልሻል» እያለም ያጣድፈኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከሲያትል

ውድ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ቀብዱን እንዳትልኪ እለምንሻለሁ። ይህን የምለው ደላላ ሁሉ አታላይ ነው ብዬ ሳይሆን፣ እኔው ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ በታኅሣሥ ወር፣ በዚሁ ጥድፊያ፣ ደሴ ላይ ቀብድ ከፍዬ የደረሰብኝን ስለማውቅ ነው። ሻጩ ጨዋ ሰው ነበር፤ ካርታውም የተጭበረበረ አልነበረም። ነገር ግን ቤቱ ከአባቱ በውርስ የመጣ እንደሆነና ሪያድ የምትኖር፣ ድርሻዋን ያልወሰደች እህት እንዳለችው የሰማሁት ከእርሱም ከደላላውም አይደለም፤ የሰማሁት በገና ዋዜማ ቡና ከጠሩኝ የሰፈሩ እናት ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ሁለተኛውን እየቀዱ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «የዚያች የልጅቱንስ ድርሻ ተነጋገራችሁበት?» አሉኝ። ስኒው እጄ ላይ ቀረ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ወገን ውሉን ቢተው እጥፍ አድርጎ እንዲመልስ፣ የሰጠው ወገን ቢተው ደግሞ ቀብዱን እንዲያጣ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በእጄ የነበረው ማስረጃ ከደላላው ማስታወሻ ደብተር የተቀደደች፣ ሁለት መስመር የሰፈረባት ወረቀት ብቻ ስለነበረች፣ እጥፉ ቀርቶ ዋናውን ለማግኘት ስምንት ወር ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቂና በውስጡ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ ቁጠሪ፤ የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ከሆነ ደግሞ የሁለቱም ስምምነት ሳይኖር ሽያጩ እንደማይጸና አትዘንጊ።

አሁን ወደ ጊዜው ልመለስ፤ እኔ በግሌ ትልቁ ስሕተት ያለው እዚያ ላይ ነው እላለሁ። የፈረንጆቹ ገና በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል። ስለዚህ የምትደርሺው ከኅዳር 15 ጀምሮ በሚጾመው የነቢያት ጾም መካከል ነው፤ ከዚያ ታኅሣሥ 29 ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ በማግስቱ ቃና ዘገሊላና ሚካኤል፣ ከዚያም የጥር ሰርግ ይከታተላል። በወረቀት ላይ የሦስት ሳምንት ከግማሽ ፈቃድ ቢመስልም፣ ማዘጋጃ ቤት ገብተሽ ፋይል የምታስወጪበት፣ ዕዳና እግድ አለመኖሩን የምታረጋግጪበት፣ ስም የምታዛውሪበት የሥራ ቀን ሲቆጠር ግን ከዚያ ያንሳል፤ ከቀሪውም ውስጥ ባለሙያው ለበዓል ዘመድ ጥየቃ የሄደበት ቀን አይጠፋም። ሻጮችም ይህንን አሳምረው ያውቃሉ። ተመላሽ ትኬት የያዘ ገዢ እንደማይከራከር ስለሚያውቁ፣ በጥቅምት የተጠራው ዋጋ ታኅሣሥ ሲገባ ሌላ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ብዙው ሻጭ በአፉ ብር እየጠራ በልቡ የሚያሰላው በዶላር ነው።

ሌላም አለ። ታኅሣሥ ላይ ደሴ ውስጥ መጥፎ የሚመስል ቤት የለም። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መሬቱ የደረቀ፣ ግድግዳው ለበዓሉ ኖራ የተቀባ ነው። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ ተዳፋት ላይ የተቆረቆረች መሆኗን፣ መሬቱም በየክረምቱ የሚንሸራተትባቸው ሰፈሮች እንዳሏት አንቺም ልጅ ሆነሽ የምታውቂው ነገር ነው፤ ሆኖም ሰው በውጭ ሲቆይ ይህንን ይረሳዋል። የምትገዢውን ቤት ነሐሴ ላይ፣ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የጓሮው ድጋፍ ግንብ ስንጥቁ በጭቃ ተለስኖ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚያይልሽ የራስሽ ሰው ሊኖር ይገባል። እኔ ቤት ስመለከት አሁን መጀመሪያ የማየው ሳሎኑን ሳይሆን የበሩን መቃን ነው፤ መሬት የተንቀሳቀሰበት ቤት በሩ አይገጥምም፤ ከታችኛው ጠርዝ በመላጊያ ተልጎ ታገኚዋለሽ።

ኮምቦልቻ በዚህ በኩል ሜዳ ስለሆነች ትሻላለች፤ ለእናትሽም ከደሴ ብርድ የኮምቦልቻ ሙቀት ሳይስማማቸው አይቀርም። ቁመቷም ከደሴ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ይላል፤ አውሮፕላን ማረፊያውም እዚያው ነው። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ በከተማዋ ዳርቻ «ባዶ ቦታ አለ» የሚል ደላላ በዝቷል። እዚህ ላይ ጥብቅ ሁኚ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው በእጁ ያለውን ማሳ ከፋፍሎ ቢሸጥልሽና አንድ ሌሊት ቆርቆሮ ቢመታበት፣ የገዛሽው ቤት ሳይሆን የጨረቃ ቤት ነው። በከተማው ክልል ያለውም ቢሆን ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ የሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተያዘ) የሚለውን አጣሪ። ለመኖሪያ የሚሰጠው የሊዝ ዘመን እስከ 99 ዓመት ሊደርስ ይችላል፤ ያልተከፈለ የሊዝ ቀሪ ዕዳ ካለ ግን አብሮሽ እንደሚመጣ ቆጥረሽ ነው ዋጋውን መደራደር ያለብሽ።

ስለ ፓስፖርትሽ፦ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ ካለሽ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 390 በውጭ ዜጋ ላይ የጣለው ክልከላ አይመለከትሽም። ከሌለሽ ከመነሣትሽ በፊት አውጪው። ገንዘቡን በባንክ አስተላልፊ፤ ከባንክ ውጭ በሐዋላ የገባ ብር ነገር ቢበላሽ ይህን ያህል ከፍያለሁ ብለሽ የምታሳዪው ደረሰኝ የለውም።

እንግዲህ «ታዲያ መቼ ልግዛ?» ማለትሽ አይቀርም። የእኔ ሐሳብ በገና ሂጂ፣ ነገር ግን አትግዢ የሚል ነው። በገና ሰፈሩን ምረጪ፤ ግዢውን ዘመዶችሽ ክረምቱን ካዩልሽ በኋላ በልዩ ውክልና ፈጽሚው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመግዛትም ሆነ ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና እንደማይበቃ፣ ሥልጣኑ ተለይቶ መጻፍ እንዳለበት ልብ በይ። ኤምባሲ ቀርበሽ ትፈርሚያለሽ፤ ሰነዱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ውክልናውን ለአንድ ግዢ ብቻ፣ ለተወሰነ ቤት አድርጊው፤ ለወንድም ቢሆንም እንኳ። ይህ አለመተማመን አይደለም፤ ወንድምንም ከሐሜት ያድነዋል።

ለምን ሰፈር ምረጪ እንደምልሽ ላስረዳ። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ እናቴ ነጠላዋን ብቻ ለብሳ ወደ አዲስ አበባ ወጣች። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዎቹ ሲለቀቁ፣ ዲያስፖራው ለገና እንዲገባ በተጠራበት በዚያ ታኅሣሥ፣ እኔም ከገቡት አንዱ ነበርሁ። ቤታችን በሩ ተገንጥሏል፤ ቴሌቪዥኑ፣ ፍራሹ፣ የእናቴ ምጣድ ሳይቀር ሄዷል። የተጨነቅነው ግን ስለ ካርታው ነበር። ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት እናት፣ እነ እናቴ «እማማ» እያሉ የሚጠሯቸው ሙስሊም ጎረቤታችን፣ እጃችንን ይዘው ወደ ጓዳቸው አስገቡንና ከገብስ ጎታቸው ሥር በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ካርታው፣ የግብር ደረሰኞቹና የአባቴ የሞት ምስክር ወረቀት ዱቄት ለብሰው፣ አንድም ሳይጎድል ነበሩ። እናቴ ስትሸሽ በአጥሩ ላይ አቀብላቸው ኖሯል። እኒያ ሴት የራሳቸውን ወርቅ የት እንደሸሸጉ ጠይቀናቸው ነበር፤ «እሱንስ ወስደውታል፣ አብሽሩ» ብለው ቡናውን ወቀጡ።

እንዲህ ያለ ጎረቤት በካርታ ላይ አይጻፍም፤ በደላላም አይገኝም። የሚታየው በበዓል ነው። ስለዚህ የምትመኚው ሰፈር ውስጥ ዘመድ ካለሽ ገናን እዚያ ዋዪ። ቅርጫ ስንት አባወራ ሆኖ እንደሚገባ ተመልከቺ፤ በሬው ተጥሎ ሥጋው በምድብ በምድብ ቅጠል ላይ ከተደረደረ በኋላ ዕጣው ሲጣል፣ ለብቻዋ የምትኖር አሮጊት ምድብ ወደ ቤቷ የሚወስድላት ሰው አለ ወይስ የለም? ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ በግ ከነነፍሱ ወስዶ፣ በራሳቸው ሰው አሳርዶ፣ ለብቻ ድስት ያሠራል ወይስ ያ ነገር ቀርቷል? የዕድሩ ድንኳንና ወንበር የት እንደሚቀመጥ፣ ዳኛው ማን እንደሆነ ጠይቂ። እናትሽ የሚኖሩት ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንጂ ከሴራሚኩ ጋር አይደለም።

ላሊበላ ለቤዛ ኩሉ የመውጣት ሐሳብ ካለሽ መኝታሽን ቀድመሽ ያዢ፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነ ማግስት ባለው ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 እንደሚውልም አትርሺ። የመንገዱን ነገር ግን ከእኔ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ወልድያና ደሴ ካሉ ዘመዶችሽ ብትጠይቂ ይሻላል።

ከጂዳ

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የወንድማችንን ጽሑፍ ከልጆቼ ጋር ሆነን አነበብነው፤ ስለ ጎታው የጻፍከው አስለቀሰኝ። እኔ የሐርቡ ልጅ ነኝ። ገና የእኔ በዓል ባይሆንም እናቴ በሕይወት ሳለች ለገና ተጠርታ ያልሄደችበት ዓመት አላስታውስም። ነገር ግን ወንድሜ፣ አንድ ነገር ሳትዘነጋው አልቀረህም። እናንተ አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ በዓመት አንድ ገና ትመርጣላችሁ፤ እኛ ዐረብ አገር ያለነው አሠሪያችን ሲፈቅድ እንጂ ስንፈልግ አንሄድም። ሦስት ዓመት ጠብቄ አንድ ወር ሲሰጠኝ «አይተሽ ተመለሺ፣ ግዢውን በኋላ» ብትለኝ ያ «በኋላ» ሌላ ሦስት ዓመት ነው።

ስለዚህ እኔ ገዛሁ። ኮምቦልቻ ላይ ባለ ሦስት ክፍል ብሎኬት ቤት ገዝቼ፣ በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፌ ተመለስሁ። ጸጸቴ መግዛቴ አይደለም፤ መቆለፌ ነው። ሁለት ዓመት የተቆለፈ ቤት ውስጥ ምስጡ ጣሪያውን፣ ቧንቧው ግድግዳውን በላው። ከዚያም የባሰው የዕድር ወርሃዊ መዋጮ የሚከፍልልኝ ሰው ስላልነበረ ስሜ መሰረዙ ነበር። እናቴ ባረፈች ጊዜ ድንኳን የተከለልን የአጎቴ ዕድር እንጂ የእኔ ሰፈር አይደለም። እህቴ ከሙኒክ፣ ብትገዢም ባትገዢም ቤቱን ባዶ አትተዪው። እናትሽ ካልገቡበት አከራዪው፤ ቤቱን የሚያስተዳድርልሽ ሰው ካገኘሽ ደግሞ ከኪራዩ የዕድሩን እየቀነሰ እንዲከፍል ውል ግቢ።

ከሲያትል

እትዬ፣ የጻፉት እውነት ነው፤ የጊዜውን ነገር ከራሴ አንጻር ብቻ ማየቴን አምናለሁ። ፈቃዱ በአሠሪ እጅ ለሆነ ሰው ልዩ ውክልናው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ማዘጋጃ ቤት ያለው ማጣራት ሰውየው ከመምጣቱ በፊት ተጠናቅቆ፣ የመጨረሻው ፊርማ ብቻ ለፈቃዱ ወር ቢቀር ይሻላል እላለሁ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት መመዝገብ አለበት፤ የደላላ ደብተር አይቆጠርም።

ስለ ኪራይ ላነሡት፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ሥራ ላይ በዋለባቸው ከተሞች ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ እንደሌለበት፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ስለዚህ እህታችን «እናቴ እስክትገባ ለስድስት ወር ላከራየው» የምትል ከሆነ አስቀድማ ልታስብበት ይገባል። ከዚያ ይልቅ ቤት የሌለው የዘመድ ልጅ ፈልጎ ማስገባት፣ የዕድሩንና የመብራቱን በእርሱ ላይ ማድረግ ይቀላል። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ከሚስቱ ጋር ከኋላ ባለችው ክፍል ይኖራል፤ እናቴ ከፊት። ዘንድሮ የቅርጫው በሬ የሚታረደው በእኛ ግቢ ስለሆነ፣ ቢላዋ የሚስል ሰው ላክልን ብላ ትናንት ደውላልኝ ነበር።