የዋጋ ንረቱ ሲቀንስ ኑሮ ረከሰ ይባላልን? የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች ክርክር

አወያይ፦ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ባወጣው መሠረት በሰኔ 2016 ዓ.ም. 19.9 በመቶ የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ንረት በሰኔ 2017 ወደ 13.9 በመቶ ወርዷል። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ለምንኖረው ለእኛ የኑሮ ውድነቱ ቀነሰ ማለት ነውን?

የባንክ ባለሙያው፦ ቢያንስ መባባሱ ረግቧል ብዬ እከራከራለሁ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የሁሉም ነገር ዋጋ እጥፍ ይሆናል ተብሎ የተፈራው ግን አልደረሰም፤ ምክንያቱም ብዙው አስመጪ ቀድሞውንም ዕቃውን የሚተምነው በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ነበር፤ የባንኮች ብድርም ገደብ ተጥሎበት ነበር።

መምህርቷ፦ ቁጥሩን አልክድም፤ ቁጥሩ የሚለውን ግን እስከ መጨረሻው እናንብበው። በሰኔ 2015 በ100 ብር ይገዛ የነበረ ዕቃ በእነዚሁ በጠቀሷቸው መቶኛዎች ሲሰላ በሰኔ 2016 ወደ 120 ብር፣ በሰኔ 2017 ደግሞ ወደ 137 ብር ገደማ ደርሷል። የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው እንጂ ዋጋው ወደ ነበረበት አልተመለሰም። በዚያ ላይ ይህ አኃዝ የአገር አማካይ ነው፤ ከመሐል ከተማ የቤት ኪራይ ሸሽቶ እዚህ የሰፈረ ተቀጣሪ በኪራይ ያተረፈውን በታክሲ እንደሚመልሰው ለይቶ አያሳይም። ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ታክሲዎች በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ቆራርጠው ስለሚጭኑ፣ በአንድ ታሪፍ መሄድ የሚገባው ሰው ሁለትና ሦስት ጊዜ ይከፍላል፤ ሰልፍ ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ደግሞ ማንም በብር አያሰላውም።

ባለ ሱቁ፦ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አምስት ሊትር ዘይት በአንዴ መግዛት የሚችል ደንበኛዬ እየቀነሰ ነው፤ በግማሽ ሊትር የሚወስደው ግን በሊትር ሲሰላ የበለጠ ይከፍላል። የእሁድ ገበያ ይረክሳል፤ የሚጠቅመው ግን እሁድ ዕለት በእጁ ብር ለያዘ ሰው ነው። የወር መጨረሻ ላይ ያለው ከእኔው ዘንድ በዱቤ ይወስዳል፤ እኔም የማይመለሰውን ዱቤ ለማካካስ ዋጋው ላይ እጨምራለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

የባንክ ባለሙያው፦ መንግሥትም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል።

መምህርቷ፦ ልክ ነው፤ እናስላው እንጂ። 5,000 ብር የሚከፈለው ሰው በፊት 697 ብር ከ50 ግብር ይቆረጥበት ነበር፤ አሁን 500 ብር ነው። በወር የተረፈው 197 ብር ከ50 ስንት ቀን ታክሲ እንደሚያሳፍር እዚህ ሰፈር የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል።

አከራዩ፦ ሁሉም ጣቱን ወደ አከራይ ከመቀሰሩ በፊት እኔም ልናገር። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ጭማሪውንም የሚወስነው ተቆጣጣሪው አካል ነው። ሲሚንቶውን፣ የቧንቧ ዕቃውን፣ የቀለም ቀቢውን የቀን ዋጋ ግን ማንም አልወሰነልኝም።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ቢያንስ ለመጨመር የሚጠይቁት ዋጋ አለዎት፤ ባለ ሱቁም እንዲሁ። ዋጋውን በራሱ ማንሳት የማይችለው ጉልበቱን የሚሸጠው ሰው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ለግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ ለባንክ ባለሙያው የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፦ በአቃቂ ፋብሪካዎች የሚሠራ ሰው ደመወዝ በእነዚያ ሁለት ዓመታት በ37 በመቶ ካላደገ፣ ረገበ የሚሉት ውድነት የማን ነው?