የመንገድ ዳር አበባ በስልክ ስታነሱ ቢጫው ይነጣባችኋል?

የቆጪዋ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ጠዋት ጠዋት ከቆጪ ወደ መርካቶ በእግሬ ነው የምሄደው። ባጃጅ መጠበቅ ሰልችቶኝ የጀመርኩት ነው፣ አሁን ግን መንገድ ዳር ያለውን አረም ሁሉ ፎቶ ማንሳት ሱስ ሆኖብኛል። ዝናቡ ሲያባራ ቦይ ዳር የማይበቅል ነገር የለም እኮ፤ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ያ ልብስ ላይ ተለጥፎ ቤት ድረስ የሚከተለው። ችግሬ ቢጫው ላይ ነው። ቅጠሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣና አበባው ነጭ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ጠጋ ስል ደግሞ ጭራሽ ይደበዝዛል። ሌላው የስም ነገር ነው፤ እኔ አደይ ነው እላለሁ፣ ጓደኛዬ አይደለም ትላለች፣ ታዲያ ምንድነው ስላት መልስ የላትም። ስልኬ መካከለኛ ነው፣ ካሜራ ግዢ እንዳትሉኝ አደራ።

ጃንጥላው፦
ካሜራ አያስፈልግሽም። ስልኩ ዙሪያውን ጥቁር አረንጓዴ ሲያይ ጨለማ መስሎት ሁሉንም ያበራዋል፣ ቢጫው የሚነጣው ለዚህ ነው። ስክሪኑ ላይ አበባውን ራሱን ንኪው። አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ይመጣል፣ እሱን ወደ ታች ሳቢው። ፎቶው ትንሽ የጠቆረ ቢመስልሽም ተይው፤ የጠቆረውን በኋላ ማብራት ይቻላል፣ የነጣውን ግን ማንም አይመልሰውም።

የሚደበዝዘው ከሚገባው በላይ ስለተጠጋሽ ነው። ስንዝር ያህል ወደ ኋላ በይና ሁለት እጥፍ ዙም አድርጊ። ነፋስ ካለ ግንዱን ከፎቶው ውጪ ዝቅ አድርገሽ በግራ እጅሽ ያዢው። ደመናማ ቀን ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል፣ ጅማ ላይ ደግሞ ደመና አይቸግርም። ፀሐይ ከወጣም ጃንጥላሽን ዘርጊበት፣ መቼም ያለ ጃንጥላ አትወጪም።

የጅሬን ልጅ፦
ፎቶውን ሳላይ መማል አልችልም፣ ግን መጭ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በኦሮምኛ ቱፎ የሚሉት፣ የኑግ የቅርብ ዘመድ፣ ንብ የማትለየው። ከሩቅ ሲያዩት ከአደይ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉን ዳስሺው፦ መጭ ከሆነ ቅጠሉ ሙሉ ነው፣ ይሻክራል፣ ሁለት ሁለት እየሆነ ግንዱ ላይ ልጥፍ ብሎ ይወጣል። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭን አበባ ቀረብ ብለሽ ካየሽው ደግሞ የእያንዳንዱ ቢጫ ቅጠል ጫፍ ሦስት ጥርስ አለው።

ስለዚህ አበባውን ብቻ አንስተሽ "ምንድነው" ብትይ ማንም አይነግርሽም። ሙሉ ተክሉን፣ የቅጠሉን ጀርባ፣ ከተገኘም ፍሬውን አንሺ። ያ ሰማያዊው የውሃ አንቁር ይመስለኛል፣ እሱን በጠዋት ካላገኘሽው እርሺው፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ እንደ ረጠበ ሶፍት ይሟሽሻል።

ቡና ስር፦
ጉድ ነው። እኛ ስንነቅለው ወገባችን የሚቆረጥለትን ነገር እናንተ ፖዝ ታስይዙታላችሁ 😄 በሉ እሺ። ልብስ ላይ የሚለጠፈው የሰይጣን መርፌ ነው፣ ፍሬውን በጎን በኩል አንሺው፣ ጫፉ ላይ ያሉት ሹል ነገሮች ደስ ይላሉ። የወፍ ቆሎም አትለፊ፣ አንዱ እቅፍ ላይ መሀሉ ቢጫ ዳሩ ሮዝ የሚሆነው አበባው ሲያረጅ ቀለሙን ስለሚቀይር ነው። ቅንጬ አረምን ግን በባዶ እጅ አትንኪ፣ ቆዳ ያሳክካል። አስተናግርም መርዝ ነው፣ ልጆች አብረውሽ ካሉ ተጠንቀቂ።

የቆጪዋ፦
የፀሐይዋ ነገር ሠራች! ዛሬ ጠዋት አንዱን አንስቼ ጥርሶቹን ሳይቀር ቆጠርኳቸው፣ ሦስት ናቸው፣ ቅጠሉም ሻካራ። ጓደኛዬ አሸነፈች ማለት ነው፣ ለሷ ግን አልነግራትም። አንድ ነገር ግን አልነገራችሁኝም፦ የሰው አጥር ስር ጎንበስ ስል ዘበኛው "ምንድነው የምታነሺው?" ብሎ ይነሳብኛል። አረም ነው ስለው የባሰ ይጠረጥረኛል።

ጃንጥላው፦
ሰላም በይውና ፎቶውን አሳዪው። "ስሙን ያውቁታል?" በይው። ሽማግሌ ከሆነማ ለምን መድኃኒትነት እንደሚውል ጭምር ነግሮሽ ነው የሚለቅሽ፣ ሥራ ታረፍጃለሽ እንጂ።

የጅሬን ልጅ፦
ልክ ነው። አይናቹራሊስት የሚባለውንም አፕ ሞክሪ፣ አፑ ይገምታል፣ ሰዎች ያርማሉ። ደጃፍሽ ላይ ያነሳሽውን ስትለጥፊ ግን ቦታውን ደብቂው፣ ማስተካከያው እዚያው አለ። ደግሞ ወንዝ ዳር ጥላ ያለበት ቦታ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ቀይ የሆነ አበባ ካገኘሽ እንሶስላ ሊሆን ስለሚችል እዚህ ለጥፊልን።